ማር ውስጥ የሰነበተች ስልክ

ሰው በውሸቱ ተይዞ ሲዋረድ ብዙ አይታችኋል። እኔ የተያዝኩት በእውነቴ ነው። ሰቆጣ ገበያ ላይ ስኖር ፕላስቲኩን ጫማ ቆዳ ነው ብያለሁ፤ የሦስት ቀን ባትሪን የሦስት ዓመት ነው ብያለሁ፤ አንዴ እንዲያውም የተቀደደ ጃንጥላ «ነፋስ እንዲያሳልፍ ተብሎ ነው» ብዬ ሸጫለሁ። ማንም ምንም አልሆነም። ገዢው እንደምዋሽ ያውቃል፣ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ተሳስቀን እንለያያለን። በዕድሜዬ አንድ ቀን ስለ አንድ ዕቃ ንጹሕ እውነት ተናገርኩ። ጉዴ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ዕቃው የመጣው ከወልድያ ነው። እዚያ ያለ ደንበኛዬ ደወለና «አንድ ካርቶን ይዤልሃለሁ፤ የጃፓን ነው» አለኝ። ሳቅሁ። የጃፓን ያልሆነ ዕቃ መቼ ሸጬ አውቃለሁ! መደርደሪያዬ ላይ ያለው ሁሉ የጃፓን ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከመርካቶ ጓሮ የተወለደ ጃፓን ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ሳቄ ቆመ። ስድስት ተጣጣፊ ስልኮችና አንዲት ላፕቶፕ፤ ያገለገሉ፣ ግን ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ። ደንበኛዬ እንደነገረኝ ይህ ፋብሪካ በአገሩ ስመ ጥር ነው፤ ለተራው ሰው ስልክም ኮምፒውተርም ይሠራ ነበር፤ ኋላ ግን ይብቃኝ ብሎ ሁለቱንም ንግድ ለሌላ አስረክቦ ወጥቷል።

«ለምን?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ፤ አላዋጣው ይሆናላ።»

ላፕቶፗን ለራሴ አስቀረኋት። ቁልፎቿ ላይ ካለው ፊደል አንዱንም አላነበውም፤ ቢሆንም ዕቃ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም፤ ክዳኗን ከፍታችሁ ስትዘጉት የምታሰማውን ድምፅ መስማት ይበቃል። ጥብቅ ያለ፣ የቆጠበ ድምፅ። ሁለት ጊዜ ከባጃጅ ላይ ወድቃለች። በሁለተኛው የተጎዳው ባጃጁ ነው።

ስልኮቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። እንደ አፍ ይከፈታሉ፣ እንደ አፍ ይገጠማሉ። ቁልፎቻቸው ሰፋፊ። ከጎናቸው ሲስቡት የሚረዝም ቀጭን ጅራት አላቸው፤ በአገራቸው ቴሌቪዥን የሚያዩበት ነው አሉ። ፎቶ ሲያነሱ «ቻክ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ድምፁን ላጥፋ ቢሉ አይጠፋም፤ ሰው ሳያውቅ ፎቶ እንዳይነሳ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህን ያወቅሁት የጎረቤቴን ሱቅ አዲስ ዕቃ በስውር ላነሳ ስሞክር ነው። ጎረቤቴ ዞሮ አየኝና «ምነው፣ ገባ ብለህ ብታየው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን እንደ ክረምት መንገድ ነው፤ አለ ይባላል እንጂ ማንም አይሄድበትም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን አንዲት ቁልፍ ናት። አንድ ቀን ባለቤቴ ደወለች። ባለቤቴ ስትናገር እንደ ሐምሌ ጎርፍ ናት፤ እኔም ለዘመናት ዳር ቆሜ «እሺ» ማለት ነው ሥራዬ። በስህተት አንዷን ቁልፍ ስነካ ጎርፉ ጸጥ አለ። ድምፁ የራሷ ነው፣ ቃሉ የራሷ ነው፣ ግን አንድ በአንድ፣ እየተራመደ ይመጣል። ከተጋባን ወዲህ የተናገረችውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለካ ቅር ያላት ነገር ነበር። ወልድያ ደውዬ ስጠይቅ፣ ቁልፏ ለሽማግሌዎች ተብላ የተሠራች ናት አሉኝ፤ ጆሮ ሲደክም የሰው ንግግር እንዳይፈጥንበት። እስቲ አስቡት። አንድ ሰው በዚያ ሩቅ አገር ተቀምጦ፣ በስም የማያውቀው ሽማግሌ አማቹ ሲያወራ እንዳያመልጠው ብሎ ተጨንቋል! እኔ ለገዛ አባቴ እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

በገበያ ቀን ረፋድ ላይ አያ ወዳጆ መጡ። የጋዝጊብላ ገበሬ ናቸው፤ ንብም ያረባሉ፤ ነጭ ማራቸውን ለዓመታት የምቀበላቸው እኔ ነኝ። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ስለሆነ አማርኛ ሲፈጥንባቸው እጃቸውን አንስተው «ቀስ በል፣ ዳገት ነው» ይላሉ። ያን ዕለት ማር አልያዙም።

«ስንዱን አይቻት መምጣቴ ነው» አሉኝ። ስንዱ አንዲት ልጃቸው ናት፤ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ስለደረሰ ሆስፒታሉ ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ ከአክስቷ ጋር ገብታለች። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። «እኔ እንዳልቀመጥ ማር መቁረጫው ወቅት ነው፤ ንቡ አይጠብቀኝም። ስወጣ እንዲህ አልኳት፤ ‹ምንም ነገር ቢሉሽ እኔ ሳልሰማ እሺ እንዳትይ።› አሁን የምሰማበት ጆሮ ስጠኝ።»

ከስድስቱ አንዷን አወጣሁ። ከዚያም ያቺን እውነት ተናገርኩ።

«ውኃ አይነካትም።»

«ሁሉም እንዲህ ይላል።»

ጣሳ ሙሉ ውኃ አስመጣሁና ነከርኳት። ሰው ተሰበሰበ። በራሴ ስልክ ደወልኩ። ጣሳው ውስጥ ሆና ጮኸች፤ ውኃው እየተርገበገበ። አንዲት እንቁላል ሻጭ «ውይ! ዓሣ አደረጋት!» አለች።

አያ ወዳጆ ጎንበስ ብለው አዩ። «ጠላ ውስጥ ብትወድቅስ?»

«ምንም።»

«ጤፍ ውስጥ?»

«ብናኝ አይገባትም።»

«ማር ውስጥ?»

«አያ ወዳጆ፣ ከፈለጉ ማር ውስጥ ያሰንብቷት!» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

«የሠሯት ሰዎች አሁንም ይሠራሉ?»

አፍ እውነት ከቀመሰ አይመለስምና «ትተውታል» አልኩ።

ስልኳን አጥፈው መለሱልኝ። «እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው ሥራውን አይተውም። ነውር ቢያገኝባት ነው።»

እዚህ ላይ የአገራችንን የበሬ ግዢ ታውቁት እንደሆነ እንጃ። በሬ በመልኩ አይገዛም። ገዢው ይወስደዋል፣ ይጠምደዋል፣ በጭንጫ ላይም በዳገት ላይም ያርስበታል፤ ፈር መሐል ከተኛ «ለግሟል» ተብሎ ይመለሳል። እስከዚያው በሻጩ በኩል አንድ ሰው ዋስ ይቆማል። እኔም ገበያተኛ ፊት ላለማፈር «ወስደው ይፈትኗት» አልኳቸው።

«ዋሷ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተማ ነጋዴ ነህ» አሉ። እንቁላል ሻጯ በሳቅ ወደቀች። ቢቸግራቸው ግን «በል ይሁን፤ ስንዱ እስክትወልድ ልፈትናት። ካልለገመች ትቀራለች» ብለው ተቀበሉኝ። ሲም አስገባሁላቸው፤ ቁጥሩን በወረቀት ጻፍኩ፤ ከሥሩ የራሴን ጨመርኩ፤ ወረቀቱን ለስንዱ አደረስኩ። ንግግር ዝግ ማድረጊያዋን ቁልፍም አሳየኋቸው።

«ይህን ሲነኩት የሚያናግርዎት ሰው ቀስ ይላል።»

«ሰውየው ሳያውቅ?»

«ሳያውቅ።»

ብዙ አሰቡና «ለስብሰባ የሚያፈጥን የላቸውም?» አሉ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ስልኬ ጮኸ። ሆስፒታል ያለች ሲስተር ናት።

«የስንዱ አባት ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ዋስ ነኝ» አልኩ ሳላስበው።

ሲስተሯ የቸኮለች ሰው ናት፤ የሚያስቸኩልም ነገር ይዛለች። ልጁ በሆድ ውስጥ ተጋድሟል፤ ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ይውጣ ብሏል፤ ቢቻል እስከ ቀትር። ስንዱ ግን አልፈርምም ብላለች። አክስቷ ለምናታለች፣ ሲስተሮቹ ለምነዋታል፤ እሷ ከአንድ ቃል ንቅንቅ አላለችም፤ «አባቴ ሳይሰማ እሺ እንዳትይ ብሎኛል።»

ደወልኩ። ይጠራል። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል። ዝግ ነው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ባትሪው አልቋል ብዬ በባትሪው አሳብብ ነበር። የሚጠራና የማይነሳ ስልክ ግን ሰው ላይ ጣቱን ይቀስራል። ገደል አፋፍ ላይ መቆሜ የታየኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሽማግሌው ወድቀው ይሆን? ስልኳን ጥለዋት ይሆን? ወይስ ያ ፋብሪካ ሥራውን የተወው እውነትም ነውር አግኝቶባት ይሆን? ስንዱ አንድ ነገር ብትሆን ሰቆጣ ውስጥ እኔን የሚጠራኝ ሰው በምን ስም እንደሚጠራኝ አሰብኩ። ሱቄን ቆለፍኩና ወደ ጋዝጊብላ፣ ወደ አስከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዘለልኩ።

ከመኪና ከወረድኩ በኋላ ያለው በእግር ነው። እኔ ሚዛን ሲከብድ እንጂ እግሬ ሲከብድ አላውቅም ነበር። በየዳገቱ እየቆምኩ እደውላለሁ፤ ይጠራል። አንድ ወንዝ አለ፤ ወንዝ ማለቴ ለአክብሮት ነው፤ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ድንጋይ ለድንጋይ ስዘል ስልኬ ከእጄ አመለጠች። የእኔ ስልክ ፊቷ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ባለ ሦስት ዓይን ካሜራ፣ ዛሬም በየቴሌቪዥኑ «ከእኔ በላይ ማን አለ» የሚል ፋብሪካ የሠራት ናት። ሳወጣት ሞታለች። ሕፃን ተረከዙን በማያርስበት ውኃ! እርጥብ ሬሳዋን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ። እንግዲህ በዚያ ተራራ ላይ ተስፋዬ የቀረው ድምፅዋ በማይሰማ አንዲት ስልክ ላይ ነው።

አያ ወዳጆ ደህና ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቀፎ ይለቀልቃሉ። ሲያዩኝ ተነሡ።

«ምነው? ወለደች?»

«ስልኳ የታለች?»

«አለች» አሉ በኩራት። «ፈተና ላይ ናት።»

ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ከውስጥ ብቅ አሉ። «ይህ ነጋዴ መጣ? እስቲ ና ስማልኝ። ለአራስ ያሸግነው ማር ከጠዋት ጀምሮ ያንጎራጉራል። ንብ ቀርቶበት ነው ብለው ይህ ሰውዬ አላምን አለኝ።»

ገባሁ። ማዕዘን ላይ አንድ ማሰሮ አለ፤ አፉ በቅጠል ተከድኖ በእበት ተመርጓል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። እምምም... እምምም... አለ።

«አያ ወዳጆ፣ ምን አደረጉ?»

«አንተ ያልከኝን ነዋ! ማር ውስጥ ያሰንብቷት አልከኝ። በሬ የሚፈተነው በጭንጫ ነው፤ እሷንም በከባዱ ልፈትናት አልኩ። ደግሞ ማር የያዘውን አያበላሽም። ስትጮህ እሰማታለሁ ብዬ ነበር፤ ማሩ ቶሎ ረጋ።»

«መቼ ሊያወጧት ነበር?»

«ስንዱ ስትወልድ። የአራስ ማር አይደል?»

«መውለዷን በምን ሊያውቁ ነበር?»

አያ ወዳጆ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ በላይነሽን አዩ። ማሰሮውን አዩ። የመውለዷን ወሬ የምታመጣውን ስልክ፣ ወሬው ሳይመጣ በማይከፈት ማሰሮ ውስጥ እንዳሸጉ ያን ጊዜ ገባቸው። እኔም መሳቅ አማረኝ፤ ግን ሲስተሯ ያለችውን ነገርኳቸው፤ ልጁ መጋደሙን፣ ቀትሩን፣ የስንዱን እምቢታ። የሰውየው ፊት እበት የመረጉበት ያህል ደረቀ።

«ይከፈት!» አሉ።

«ሳትወልድ?» እትዬ በላይነሽ ማሰሮው ፊት ቆሙ። «የአራስ ማር ሳትወልድ ተከፍቶ ያውቃል? በልጄ ላይ ምን ልታመጡ ነው?»

አያ ወዳጆ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ፣ እሺ እንዳትይ ብዬ ያሰርኳት እኔ ነኝ። የምፈታትም እኔ ነኝ። ዞር በይልኝ።»

እትዬ በላይነሽ አማተቡና ዞር አሉ። ምርጊቱ ተሰበረ። አያ ወዳጆ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ፤ እንደ ቅቤ የረጋውን ነጭ ማር እየቧጠጡ ቆፈሩ፤ አንድ ነጭ እብጥ ያለ ነገር ይዘው ወጡ። እብጡ በእጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ዛሬም ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል፤ ከማሩ ውስጥ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ደወለች። ሲስተሯ ናት፤ አልሰለቸችም። እኔ ሱቄ ውስጥ መስኮት ላይ ካልተንጠላጠልኩ ኔትወርክ አይመጣልኝም፤ ማሰሮ ውስጥ እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ። ባትሪው እንዴት ስድስት ቀን እንደቆየም አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው።

«ውኃ!» አልኩ። እትዬ በላይነሽ በቅል ቀድተው አፈሰሱባት፤ እንግዳ እጁን እንደሚታጠብ፣ እየጮኸች ታጠበች። አያ ወዳጆ ከፈቷት።

«ሃሎ!»

ሲስተሯ ጎርፉን ለቀቀችው። አያ ወዳጆ እጃቸውን አንስተው «ቀስ በይ፣ ዳገት ነው!» ሲሉ እኔ እጄን ዘርግቼ ያቺን ቁልፍ ነካሁ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ። ቃል በቃል እየተቀበሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ። ገባኝ። ልጄን ስጪኝ።»

ከዚያ ያለው በአገውኛ ነው፤ እኔ የምሰማው ቁንጽል ነው። የስንዱን ድምፅ ግን አጠገባቸው ሆኜ ሰምቻለሁ። ምጥ ላይ ያለች፣ የፈራች ልጅ ድምፅ ነው፤ እንደሚሆነው ሁሉ ይቸኩላል፣ ይቆራረጣል፤ ስልኳ ግን ታረጋጋዋለች፤ ትንፋሽ ታበድረዋለች። አያ ወዳጆ ወደ ሚስታቸው ዞረው «አልፈራችም፤ ደህና አድርጋ ነው የምትናገረው» አሉ። የቁልፏ ሥራ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ልጃቸው አልፈራችም ብለው ስላመኑ እሳቸውም አልፈሩም፤ ስላልፈሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ማር የሚንጠባጠብበትን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እዚያው ቆመው፣ ረጅም ምርቃት መረቁ። በየመሐሉ «አሜን» ስትል ትሰማለች። በመጨረሻ ሲስተሯ «ፈርማለች! ፈርማለች!» አለች፤ እሱንም ቀስ ብላ፣ እንደ ዲያቆን እያዜመች።

ሰቆጣ ስንደርስ ወንድ ልጅ ተወልዶ ተጠቅልሎ ጠበቀን። እናቱም ደህና ናት። አክስቷ እልል ስትል አያ ወዳጆ ስልኳን ከፍተው ወደ ጋዝጊብላ... ለማን ይደውሉ? ስልኳ እሳቸው ጋ ናት። ዘግተው ኪሳቸው ከተቷትና ሳቁ፤ የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቄ መጡ። ስልኳን ከኪሳቸው አወጡ፤ ከማሩ ሽታ በቀር ምንም አልሆነችም። «አልለገመችም» አሉና ዋጋዋን ጨርሰው መልሰው ከተቷት። ከዚያ አንድ ትንሽ ማሰሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። አፉ በእበት ተመርጓል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ እጄን እየሰደድኩ።

እጄን መቱኝ። «ያንተ አይደለም። በሬው ደህና አርሶ እህል ካስገባ፣ ላሳደገው ቤት ከአዝመራው ይላካል። ይህ ለሠሯት ሰዎች ነው። አድርስልኝ።»

«አያ ወዳጆ፣ ነገርኩዎት እኮ፤ እነሱ ሥራውን ትተውታል።»

«ትተውት ይሆናላ። እጃቸው ግን እዚህ አለ» አሉና ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ማሰሮ ውስጥ እንደሰነበተች ያውቃሉ?»

«ከየት ያውቃሉ?»

«እንግዲያ ሳያውቁ ነው የተዉት» አሉና ወጡ።

ማሰሮው ከላፕቶፗ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አድራሻውን አላውቅ፤ ባውቅስ ሥራውን የተወ ሰው ደጅ ምን ብዬ አንኳኳለሁ? እኔ እንኳን ማር፣ የተቀደደ ጃንጥላ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ ነጭ ማር ደግሞ አሁን ገበያ ላይ የለም። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። «ይህስ ስንት ነው?» ይላል።

«አይሸጥም» እለዋለሁ። «የሰው ነው።»